ክቡር ባለቤቴ እና የቁም ሳጥኑ ሰርቨር

በየቤቱ አንድ ሰው አለ፤ ደህና የሚሠራ ነገር ሲያይ ሰላም የሚያጣ። ቧንቧው ካልፈሰሰ፣ በሩ ሲጥጥ ካላለ፣ ሬዲዮው ካላፏጨ ግራ ይገባውና ካቻቢቴውን ይዞ ክፍል ለክፍል ይዞራል። እናንተም ቤት አይጠፋም። እናንተ ቤት ከሌለ ጎረቤት አለ፤ አንድ ቀን "እስቲ ልየው" ብሎ ይመጣላችኋል። ከዚያች ቃል በኋላ ያ ዕቃ የእናንተ አይደለም።

የእኔ ቤት ሰው ባለቤቴ ናቸው። "ናቸው" የምላቸው በዕድሜ ስለገፉ አይደለም። ንዴቴ ልክ ሲያልፍ አከብራቸዋለሁ፤ ሰሞኑን በጣም ነው የማከብራቸው። በሥራቸው የውሃ ቆጣሪ አንባቢ ናቸው። ሠፈሩ ግን "ኢንጂነሩ" ይላቸዋል። ማዕረጉን ማን እንደሰጣቸው አልተጣራም፤ እኔ ራሳቸውን እጠረጥራለሁ።

ከአራት ዓመት በፊት አንድ አሮጌ የኮምፒውተር ሣጥን እንደ ሕፃን አቅፈው ገቡ።

"ይሄ ከእንግዲህ የቤቱ ሰርቨር ነው። ፎቶው፣ ቪዲዮው፣ ሰነዱ፣ ሁሉም እዚህ ይቀመጣል" አሉ።

"እሱ ራሱስ የት ነው የሚቀመጠው?"

"ቀዝቀዝ ያለ፣ አቧራ የማይገባበት ቦታ ይፈልጋል።"

ቤታችን ውስጥ ቀዝቀዝ ያለና አቧራ የማይገባበት አንድ ቦታ ብቻ ነበር፤ ጨርቆቼን የማስቀምጥበት ቁም ሳጥን። ሰርቨሩ ቁም ሳጥን ገባ፣ ጨርቆቼ አልጋ ሥር ገቡ።

ልብስ ሰፊ ነኝ። ከሰባተኛ ክፍል ወጥቼ መርፌ ከያዝኩ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆነኝ። የደንበኛ ልክ የምጽፍባቸው ሃያ ሦስት ደብተሮች ነበሩኝ። ነበሩኝ ነው የምላችሁ። ክቡርነታቸው "ወረቀት ይረጥባል፣ ወረቀት ይቃጠላል፣ ወረቀት አይጥ ይበላዋል" እያሉ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተው ሰርቨሩ ውስጥ ከተቷቸው፤ ደብተሮቹንም አሰናበቷቸው። ከዚያ ወዲህ ሕግ ወጣ። እኔ ልክ እጽፋለሁ፤ እሳቸው ፎቶ ያነሳሉ፤ ወደ ሰርቨሩ ያስገቡና "ስልክ መጋዘን አይደለም" ብለው ከስልካቸው ያጠፋሉ። ወረቀቱ ሥራ ስለፈታ እኔ ለኮሌታ ንድፍ እቆርጠዋለሁ። ልክ ሲያስፈልገኝ እሳቸው ሰርቨሩን በስልካቸው ከፍተው ያነቡልኛል፣ እኔ ኖራዬን ይዤ ጨርቁ ላይ አሰምራለሁ። እኔ ራሴ ከፍቼ እንዳላይ "እንዳትነኩት!" የሚል አዋጅ አለ። አዋጁ እኔንም፣ ልጃችንንም፣ የቤቱን ድመትም ይመለከታል።

ሰርቨር ያለበት ቤት የታመመ ሰው እንዳለበት ቤት ነው። በር ቀስ ተብሎ ይዘጋል። "ዛሬ እንዴት አደረ?" ይባላል። በታመመ ቁጥር ደግሞ እሳቸው ቀጥ ብለው ይቆሙና "ችግሩ ታውቋል" ይላሉ። ይህችን ቃል የሚሏት ችግሩ ሳይታወቅ ነው።

አንድ ጊዜ ሣጥኑ እንደ ወፍጮ ቤት መጮህ ጀመረ። ችግሩ ታወቀ፦ ሶፍትዌር ነው። ሁለት ቀን ሙሉ ሶፍትዌሩን አፍርሰው ሠሩት። በሦስተኛው ቀን ሲከፍቱት ማራገቢያው ላይ የእኔ ክር ተጠምጥሟል። ፈረደብኝ! ስፌቴ ተወገዘ። "ክዳን ስፊለት" ተባልኩ፤ ሰፋሁለት፣ በዚፕ። በአራተኛው ቀን ሣጥኑ ታፍኖ እንደ ካውያ ጋለ። "ማን ነው ልብስ ያለበሰው?" ብለው ጮኹ።

ሌላ ጊዜ ደግሞ ሰርቨሩ ከስልኮቻችን ሁሉ ጠፋ። ችግሩ ታወቀ፦ ሃርድዌር ነው። ካቻቢቴው ወጣ፤ ወለሉ ላይ ብሎን እንደ ምስር ተበተነ። ልጃችን ከትምህርት ቤት መጥታ አባቷን ዘላ አለፈችና ከግድግዳው ሥር አንድ ገመድ ይዛ ተመለሰች።

"አባዬ፣ ይሄ የማን ነው?"

የኢንተርኔቱ ገመድ ነበር። ወለል ስወለውል ነቅዬው ይሆናል፤ አልክድም። እሳቸው ገመዱን ተቀብለው ሰኩና "እሱንም ጠርጥሬው ነበር" አሉ።

ይሄ ሁሉ ያለፈ ነው፤ ይቅር ብያለሁ፣ ወይም ደክሞኛል። ያለፈውን ረቡዕ ግን ይቅር ለማለት ገና ነኝ።

የክሊኒኩ ዋና ነርስ የአሥራ አራት ነርሶች ጋዋን አዝዛኛለች። አዲሱ ሕንፃቸው ቅዳሜ ጠዋት ይመረቃል፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሰው ነው የሚቆሙት። ከተሳካልኝ የክሊኒኩ ስፌት ሁሉ የእኔ ነው። ካልተሳካልኝ የሠላሳ አንድ ዓመት ስሜ ነው የሚሄደው። ነርስ ደግሞ ቁጭ ብላ አትለካም። ተራቸውን እየጠበቅሁ፣ ኮሪደር ላይ ቆሜ፣ አንዷን መርፌ እንደያዘች፣ ሌላዋን ዳቦዋን እንደጎረሰች ነው የለካኋቸው። አንድ ሳምንት ተኩል ፈጀብኝ። ልኩ እንደ ሕጉ ፎቶ ተነሳ፣ ሰርቨሩ ገባ፤ ወረቀቱም እንደ ሕጉ ኮሌታ ሆነ።

ረቡዕ ጠዋት ጨርቁን ዘርግቼ መቀሴን ሳነሳ ቁም ሳጥኑ ውስጥ ጢጥ፣ ጢጥ፣ ጢጥ የሚል ድምፅ ተሰማ። ክቡርነታቸው የዓመት ፈቃድ ላይ ነበሩ፤ የቤታችን ክፉ ወር ማለት ነው። ከተቀመጡበት ተስፈንጥረው ተነሡ።

"ችግሩ ታውቋል! ዲስክ አንድ ታሟል፤ ይኸው ስክሪኑ ላይ ተጽፏል" አሉ።

"ልኬስ?"

"አትስጊ። ሁለት ዲስክ ነው ያለው፤ መንታ ናቸው። አንዱ ላይ ያለው ሁሉ ሌላውም ላይ አለ። የታመመውን ላውጣው፤ አምስት ደቂቃ ብቻ።"

የእሳቸውን አምስት ደቂቃ የሚያውቅ ያውቀዋል። ዲስኮቹ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፈው በትልልቁ "1" እና "2" ብለው ጽፈውባቸዋል። "1" የተባለውን መዘው አወጡ። ጢጥጢታው ቆመ። እንደ ሐኪም ወደ እኔ ዞረው ፈገግ አሉ።

ከዚያ ስልካቸውን ከፈቱ። ምንም የለም። ሰርቨሩን አጥፍተው አበሩት። ምንም የለም። ገመዱን ነቀሉ፣ ሰኩ፣ እፍ አሉበት። ሶፍትዌሩን ረገሙ፣ ፋብሪካውን ረገሙ፣ በስተመጨረሻ እኔን ቀና ብለው አዩኝ። ቀትር ላይ ወንበሩ ላይ ዘፍ አሉና በቀስታ "ሁለቱም ሞተዋል" አሉ።

"ችግሩ ታውቋል" አላሉም። ያን ጊዜ መቀሴን አስቀመጥኩ።

"ወረቀቱስ?" አሉኝ። ስለ ወረቀት በአክብሮት ሲናገሩ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው።

"ኮሌታ ሆኗል።"

ኮሌታዎቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረን አየናቸው። አንዱ ላይ "ደረት 9" ይልና መቀሱ ያልፋል። ሌላው ላይ የትከሻ ልክ አለ፤ የማን ትከሻ እንደሆነ የለም። በዚህ መሃል ስልኬ ጠራ፤ ዋናዋ ነርስ ናት።

"እትዬ፣ ቅዳሜ ጠዋት ይደርሳል አይደል? ዳይሬክተሩ ሦስቴ ጠየቁኝ።"

"ይደርሳል፣ እህቴ። ምን ሊሆን!" አልኩና ስልኩን ዘጋሁ። ከዚያ ወደ ባለቤቴ ዞርኩ።

"አንተ ሰው፣ አይጥ ይበላዋል አላልክም? አይጥ ይሻለኝ ነበር! አይጥ እኮ ዳር ዳሩን ነው የምትበላው!"

ያወጡትን ዲስክ አነሱ፣ መዶሻቸውን ያዙ፣ ጆንያ ብብታቸው ሥር ሸጎጡና ወደ ግቢ ወጡ። ይሄም አንድ ልማዳቸው ነው። የሞተ ዲስክ እንዲሁ አይጣልም፤ "የቤተሰብ ምስጢር አለበት" ይሉና ጆንያ አንጥፈው ይፈጩታል። ምስጢራችን ምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልደረስኩበትም።

እኔ ስክሪኑ ፊት ቀረሁ። እንዳይነካ ተብሏል፤ ማየት ግን አልተከለከለም። ሁለት መስመር አለ። የእንግሊዝኛ ፊደል የሰባተኛ ክፍሌን ያህል አውቃለሁና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ዲስክ 0፦ የለም። ዲስክ 1፦ ታሟል።

ዜሮ? እሳቸው የለጠፉት አንድና ሁለት ነው፤ ዜሮ የሚባል በቤታችን የለም። እጄ አንገቴ ላይ ወዳለው ሜትር ሄደ። ተለማማጅ እያለሁ የመጀመሪያውን እጅጌ ያበላሸሁት "1" ከሚለው ጀምሬ ለክቼ ነው። ያስተማረችኝ ሴትዮ እጄን በሜትሩ መታ አድርጋ "ከብረቱ ጫፍ ነው የሚጀመረው! ጫፉ ላይ ምንም አልተጻፈም ብለሽ ትዘይዋለሽ?" ብላኛለች። ማሽኑም ከብረቱ ጫፍ ነው የሚቆጥረው። የመጀመሪያው ዲስክ ለእሱ ዜሮ ነው። አንድ የሚለው ሁለተኛውን ነው። ታሟል የተባለው አሁንም ሣጥኑ ውስጥ ተቀምጧል፤ የወጣው ደግሞ...

ነጠላ ጫማዬን ሳላጠልቅ ሮጥኩ። ጆንያው ተነጥፏል፣ ዲስኩ መሃል ላይ ነው፣ መዶሻው ከጆሯቸው በላይ ተነስቷል።

"አቁም!"

"ተይኝ፣ ልገላገለው።"

"አዲስ የውሃ ቆጣሪ ሲተከል ከስንት ነው የሚጀምረው?"

"አሁን ይሄ ምን ያገናኘዋል?"

"ከስንት ይጀምራል አልኩህ!"

"ከዜ..." አሉና መዶሻው አየር ላይ ቀረ። የሃያ ስድስት ዓመት ቆጣሪ አንባቢ ናቸውና ሁለተኛ ማስረዳት አላስፈለገኝም። ፊታቸው እንደ ጋዋን ነጣ። ጤነኛውን ዲስክ በሁለት እጃቸው አንስተው፣ ደረታቸው ላይ አስደግፈው፣ ደረጃውን አንድ በአንድ ወጡ።

ሊሰኩት ሲሉ ሁለቴ ቀዳዳውን ሳቱት። እኔ ሰካሁት፤ መርፌ ውስጥ ክር ከማስገባት አይከብድም። ሰርቨሩ ተነፈሰ፣ አረንጓዴዋ መብራት በራች።

"እስቲ ክፈቺው። አንቺው ክፈቺው" አሉ። አዋጁ በዚህ ተሻረ።

ከፈትኩት። አሥራ አራቱም ነርሶች አሉ፤ ደረት፣ ወገብ፣ እጅጌ። በእያንዳንዱ ገጽ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ አውራ ጣት አለ። ገጹ እንዳይታጠፍ ተጭኖ የያዘ አውራ ጣት። ወደ ኋላ ሄድኩ፤ የድሮዎቹን ደብተሮች ከፈትኩ። እዚያም አለ። በየገጹ፣ ሁለት ሺህ ገጽ ገደማ፣ ያው አውራ ጣት። የነርሶቹ ገጽ ላይ ፕላስተር ተለጥፎበታል። አንድ የድሮ ገጽ ላይ ጥፍሩ ጠቁሯል፤ መዶሻው የሳተ ጊዜ ነው። አንድም ገጽ አልተዘለለም። ሂሳብ የደመርኩበት የጀርባ ሽፋን እንኳ ፎቶ ተነስቷል። እኔ በንዴት በር ዘግቼ ስሰፋ ባሌ እዚያ ማዶ ቁጭ ብሎ፣ ያንን ሁሉ ገጽ በጣቱ እያቃና፣ አንድ በአንድ ሲያነሳ ነበር ማለት ነው።

ከኋላዬ ቆሟል። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ።

"አየሽ፣ መንታ ያደረግኩት ለዚህ ነው" አለ።

ሜትሩን ወረወርኩበት። ቀለበው፤ ጫፉን ተመለከተ፣ ብረቷን በአውራ ጣቱ አሻሸ፣ አጣጥፎ መለሰልኝ።

የአሥራ አራቱን ልክ በቤታችን ማተሚያ አወጣሁት፤ ማተሚያውን ባሌ ገና ስላልነካው ይሠራል። ጋዋኖቹ ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ክሊኒኩ ደረሱ። ከዚያ ያ የታተመው ወረቀት ሥራ ፈታ። እንደ ሕጉ ለሚቀጥለው ኮሌታ ልቆርጠው መቀሴን አነሳሁ። አውራ ጣቱ ጥጉ ላይ ወጥቷል፤ ከነፕላስተሩ።

ኮሌታውን ከጋዜጣ ቆረጥኩ።