የሚካኤል ዕለት የለካሁት ወንዝ

ጊዜያችሁን አላባክንም። ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ቢያንስ ወንዝ መለካት ትችላላችሁ። እኔ ፍኖተ ሰላም በሰው ሱቅ ተቀጥሬ ሞባይል እጠግናለሁ፤ የውሃ ኃይልን ያስተማረኝም ያው ሞባይል ነው።

ነገሩ ቀላል ነው። ሁለት ነገር ትጠይቃላችሁ። ውሃው ከምን ያህል ከፍታ ይወርዳል? ምን ያህልስ ነው? ከፍታውን በጠራ የላስቲክ ቱቦ ነው የምትለኩት፤ ውሃ ሞልታችሁ ሁለቱን ጫፍ ብታነሱ፣ ውሃው በሁለቱም በኩል እኩል ልክ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ልክ እስከ መሬት ያለውን በሁለቱም በኩል ለክታችሁ ስትቀንሱ ከፍታው ይወጣል። ደስ አይልም? ለፍጥነቱ ደግሞ ሎሚ ጥላችሁ ከድንጋይ እስከ ድንጋይ በስንት ሰከንድ እንደደረሰ ማየት ነው። የወንዙን ወርድና ጥልቀት ስትጨምሩበት መሐንዲስ ሆናችሁ። ለመሆን ተቃረባችሁ ልበል።

ከቡሬ ወጣ ብሎ አክስቴ ያለችበት መንደር በወንዝ የሚዞር ትንሽ ወፍጮ ሊተክል አስቦ ለካልን አሉኝ። እህል ተሸክመው ቡሬ መመላለስ የሰለቻቸው የመንደሩ ነዋሪ እትየ ጥሩሰው፣ ውሃውን ወደ ወፍጮው የሚወስደው ቦይ በድንች ማሳቸው መሀል እንዲቆፈር ፈቅደዋል። ሌላ መስኖ የሚገባው መሬት የላቸውም። “ይበቃል ካልክ ይቆፈር” አሉኝ።

ሱቁ የሚዘጋው በበዓል ነውና በየካቲት የሚካኤል ዕለት ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ሁሉ ነጠላውን እንደለበሰ ከቦኝ ሎሚዬን ያያል። ወንዙ በጋ መሆኑን የረሳ ይመስላል። ሁልጊዜ እንዲህ ነው ወይ ስላቸው፣ ሁልጊዜ ነው አሉ። ደመርኩ፣ አባዛሁ፤ ይበቃል አልኩ።

ከሁለት ቀን በኋላ አለቃዬን ለምኜ ቁፋሮውን ላስጀምር ተመለስኩ። እትየ ጥሩሰው አንድ መደብ ድንች ነቅለው ጠበቁኝ፤ አውራ ጣት የሚያክል፣ ገና ያልደረሰ። ወንዙ ስደርስ ግን ምልክት ያደረግኩባቸው ድንጋዮች ደርቀዋል። ውሃውን ማን ጠጣው? ሽቅብ ወጣሁ። በየመታጠፊያው ገበሬው ውሃውን ወደ ማሳው ጠልፎታል።

አንዱ ገበሬ ዶማውን ተደግፎ፣ በበዓል መስኖ ስለማይጠጣ ውሃው ለወንዙ እንደሚለቀቅ ነገረኝ። ታዲያ ለምን ሁልጊዜ ነው አላችሁኝ? አልኩት።

“እኛ ወንዙን የምናየው ለቤተ ክርስቲያን ስንሻገር ነው” አለኝ። “በሥራ ቀን እዚያ ታች ማን ይወርዳል?”

ለእትየ ጥሩሰው እያፈርኩ ነገርኳቸው። ላጽናናቸው ብዬም፣ በበዓል ቀን ግን ውሃው ከበቂ በላይ ነው አልኩ።

“በበዓል ማን ይፈጫል፣ ልጄ?”

ቆፋሪዎቹ አካፋቸውን ይዘው ሄዱ፤ የቀረው ድንች ዳነ። እሳቸው ግን ወፍጮውን አልተዉም። ከጠለፋዎቹ በላይ፣ ውሃው ሳይነካ፣ ዳግም እንዳንታለልም በሥራ ቀን ለካልን አሉ። ልክ ናቸው፤ ወፍጮ እኮ ውሃ አይጠጣም፤ ዞሮበት መልሶ ለመስኖው ይለቀዋል። ይህን ሁሉ አስረድቼ ፈቃድ ብጠይቅ፣ አለቃዬ ቀና እንኳ ሳይል “የበዓል ቀን ምን አነሰህ?” አለኝ።

እንግዲህ አለቃ የሌላችሁ፣ ማክሰኞም ሆነ ረቡዕ፣ ሂዱና ለኩ።