የጂኖ ቅልጥምና የኮልፌ ገና

ስፖርት ወዳጅነትን ያጠነክራል የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ መልስ ከመስጠታችሁ በፊት ሱሪውን ሰብሰብ አድርጎ ቅልጥሙን እንዲያሳያችሁ ጠይቁት። ጠባሳ ከሌለው ውሸታም ነው! ወይ ተጫውቶ አያውቅም፣ ወይ ሲጫወት ሰው ሁሉ ይፈራው ነበር። ይኸኛው ደግሞ ከዚያኛው ይብሳል፤ ጎበዝ ነኝ ብሎ ያምናላ! እኔ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አውቅ ነበር።

ነገሩ የሆነው በጣልያን ጊዜ፣ እዚሁ ኮልፌ ነው። ዛሬ ታክሲ ለመያዝ በክርን የምትደቋቆሱበት አገር ያኔ ሣርና ባሕር ዛፍ ነበር። ጣልያን በዚያ በኩል መንገድ ሲቀይስ እኔ ጎረምሳ ነበርኩና ቀይና ነጭ የተቀባች ዘንግ ይዤ እንድቆም ተቀጠርኩ። ሥራዬ መቆም ነው። "ወደ ቀኝ!" ሲሉኝ ወደ ቀኝ፣ "ወደ ግራ!" ሲሉኝ ወደ ግራ... ከዚያ ወዲህ እንዲህ የሚስማማኝ ሥራ አላገኘሁም።

ከማዶ ሆኖ በመነጽር የሚያየኝ ጂኖ ይባላል። ትምህርቱን ጨርሶ ለልምምድ ከአገሩ የተላከ፣ ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ቀያሽ ነው። መቼም የመጣው ከነማን ጋር እንደሆነ አልረሳነውም፤ ግን ልጁ በግሉ ክፉ አልነበረም። ለክፋት ጊዜ ከየት ያምጣ? ቀኑን ሙሉ ሲያወራ የሚውለው ስለ ኳስ ነው። በሠፈሩ እንደሱ ያለ አጥቂ እንዳልነበረ ነግሮኛል፤ ሠፈሩ ሩቅ ስለሆነ የሚመሰክር አልነበረም።

ችግሩ አማርኛው ነው። አማርኛ የተማረው በካምፑ ወጥ ቤት ከሚሠሩት ከእትዬ አሰለፈች ነበር። እትዬ አሰለፈች ደግሞ ጧት ማታ ሴት ልጃቸውን "ነይ! ሂጂ! አምጪ! የት ገባሽ?" ሲሉ ነው የሚውሉት። ጂኖ ሆዬ የአማርኛ ሰዋስው ይኸው ብቻ መሰለው። ለእሱ በኢትዮጵያ ምድር ወንድ የሚባል ፍጥረት የለም! ዘበኛውን "ነይ!"፣ በቅሎ ጫኙን "ቶሎ በይ!"፣ ቄሱን ሳይቀር "ባርኪኝ!" ይላል። ቄሱም ግራ ገብቷቸው ባረኩት።

አንድ የታኅሣሥ ቀን ጫፉ ቆልመም ያለ የወይራ ዱላ ስቀርጽ አየኝ።

"ምን ትሠሪያለሽ?"

"የገና ዱላ።"

"ገና? ገና አለፈች!"

"የናንተ ገና አልፏል። የኛ ገና ግን ገና ነው።"

እስከ ምሳ ሰዓት ሲያስብበት ቆየና ተመልሶ መጣ። ገና በዓልም ጨዋታም እንደሆነ አስረዳሁት። ሰፈሩ ላይና ታች ተብሎ ለሁለት ይከፈላል፤ ሩር የምትባል የእንጨት ኳስ አለች፤ በዱላ እየለጉ ከባላጋራ ወሰን ማሳለፍ ነው።

"ሕጉስ?" አለኝ።

"ነገርኩህ እኮ! ከወሰን ማሳለፍ።"

"ዳኛስ?"

"ዳኛ ለምን?"

ዓይኑ በራ። "እኔም ትጫወቻለሽ!" ብሎ ደረቱን መታ።

እንግዲህ ጣጣው እዚህ ላይ ጀመረ። ሕዝብ ከተፈጀበት ከዚያ ክፉ የካቲት ወዲህ እንኳን ሰፈር ሙሉ ወንድ ዱላ ይዞ ሊሰበሰብ፣ ጥቂት ሰው ቆሞ ቢያወራ ያስይዛል። በገዛ ሜዳችን፣ የገዛ ጨዋታችንን ለመጫወት ማስፈቀድ ነበረብን። የላይ ሰፈራችን የገና አበጋዝ አባባ ቱፋ ሽማግሌዎችን አስከትለው ከካምፑ አዛዥ ከጣልያኑ ካፒቴን ፊት ቀረቡ። ቱርጁማኑ አማርኛን በሩቁ የሚያውቅ ሰው ነበር።

"ይህ ሁሉ ዱላ ለምንድን ነው?" ሲል ካፒቴኑ አስጠየቀ።

"ገና ነው፣ ጌታዬ።"

ቱርጁማኑ፣ ለምን እንደሆነ ገና አልወሰኑም ብሎ ተረጎመ። ካፒቴኑ ፊቱ ቀላ።

"መቼ ነው የምትወስኑት?"

"ኧረ የታወቀ ነው! በገና!"

ቱርጁማኑ ላብ በላብ ሆነ። "አሁንም ገና ነው ይላሉ" ማለቱን በኋላ ጂኖ ነገረን። ካፒቴኑ ሽጉጡን ሊዳብስ ሲል ነው ጂኖ ዘሎ የገባው። ጨዋታ መሆኑን፣ እሱም እንደሚጫወት በቋንቋቸው አስረዳ። ካፒቴኑ አሰበና ፈቀደ፤ ግን ዋስ ጥሩ አለ። የጂኖ ደም ጠብ ካለ የሚታሰር አንድ ዋስ!

ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመረ። በዚያ ዘመን "ታሰረ" ከተባለ "ተፈታ" የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ አይከተለውም። አባባ ቱፋ ግን ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ።

"እኔ አለሁ" አሉ። "ገና ሳንጫወት ስንተኛ ዓመታችን ነው? ልጆቹ ዱላ አያያዝ ሊረሱ ነው እኮ!"

ስለ ዱላ አያያዝ ያሉትን ቱርጁማኑ አልተረጎመውም። እግዜር ይስጠው!

የገና ዕለት ሜዳው ሞላ። ካፒቴኑ ወንበር አስወጥቶ ዳር ላይ ተቀመጠ። ጂኖ ለታች ሰፈር ደረሰ፤ እኔ ለላይ ሰፈር። አባባ ቱፋ ዋስ ናቸውና አይጫወቱም፤ ዱላቸውን ግን "ለምርኩዝ ነው" ብለው ይዘዋል። ከመጀመራችን በፊት ሰብስበው አስጠነቀቁን።

"ልጆቼ፣ ልጁን እንደ እንቁላል ያዙት! ከቅልጥሙ አንድ ክንድ ራቁ! እኔ ወኅኒ ገብቼ ብቀር ላሜን ማን ያልባታል?"

ጨዋታው ተጀመረ። ሩሯ ጂኖ ዘንድ ደረሰች። ኧረ ምን ልበላችሁ... ሰው ሁሉ ውሃ እንደከፈሉት ግራና ቀኝ ተሰነጠቀ! ጂኖ እየሮጠ፣ ሩሯን እየለጋ፣ ዘው ብሎ ከወሰናችን አሳለፋት። ደገመ። አሁንም መንገዱ ወለል አለ። አንዴማ ፊቱ ላይ የደረሰ ጎረምሳ ማምለጫ አጥቶ ተኛለት! ጂኖ በላዩ ላይ ዘለለና አገባ። "አየሽ? አየሽ?" ይለኛል እኔን፤ ደረቱ ተነፍቶ ሊፈነዳ ምንም አልቀረው። "ጎበዝ ነሽ!" አልኩት። ምን ላድርግ፣ ቋንቋው እንደዚያ ነው።

ገና ላይ ተሸናፊ መሰደብ እንዳለበት ታውቃላችሁ። የታች ሰፈር አውራጅ አፉን አሟሸና፣

"ላይ ሰፈር ላይ ሰፈር፣ ወዴት ሄደ ልጅህ፣
ባዕድ ይመላለሳል ወለል ብሎ ደጅህ!"

ሲል አወረደው። ጂኖ አጨበጨበ። ካፒቴኑም አጨበጨበ። ሰሙ ስለ ሩሯ ነው። ወርቁ ስለምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት መድፈር ይሆንብኛል። ሜዳው ላይ ሳቅ የለም፤ ሁላችንም አቀረቀርን። እኔ እንኳ ዘንግ ይዤ የምውለው ሰውዬ ጭብጨባቸው አስጠላኝ።

አባባ ቱፋን ዘወር ብዬ ሳይ ምርኩዛቸውን በሁለት እጃቸው ጨብጠዋል። "ያ ዋቃ!" ብለው አምላካቸውን ጠሩና ጋቢያቸውን ወርውረው ሜዳው መሃል ገቡ።

"አባባ፣ ዋስ ነዎት እኮ!" ብዬ ጮህኩ። ማን ሰምቶኝ!

ጂኖ ሩሯን ይዞ ይመጣል። መንገዱ እንደለመደው ተከፍቶለታል፤ መጨረሻው ላይ ግን አንድ ሽማግሌ ተገትረዋል።

"ዞር በይ አባባ!" አላቸው።

ቋ!

ሩሯ በአንድ በኩል፣ ጂኖ በሌላ በኩል። ሩሯ የታች ሰፈርን ወሰን አልፋ ከባሕር ዛፉ ሥር ወደቀች። በዕድሜዬ እንደዚያ ያለ ምት አይቼ አላውቅም። ግን የሚያጨበጭብ የለም፤ ጂኖ ቅልጥሙን ይዞ ሣሩ ላይ ይንከባለላል፤ በጣቶቹ መሃል ደሙ ይወርዳል።

አባባ ቱፋ ያደረጉትን ያወቁት ያኔ ነው። ዱላቸውን ለእኔ ሰጡኝ።

"ላሟ ካልዘፈኑላት ወተት አትሰጥም። ለባለቤቴ ንገርልኝ" አሉና ለመታሰር ሁለት እጃቸውን አጋጥመው ቆሙ።

ካፒቴኑ ከቱርጁማኑ ጋር እየሮጠ መጣ። ጂኖን በቋንቋቸው ጠየቀው። ጂኖ የአባባ ቱፋን የተጋጠሙ እጆች አየ፤ እኛን አየ፤ አንድ ነገር መለሰ። ቱርጁማኑ አፉን ከፍቶ ቀረ።

"ምን አለ?" አልነው።

"ድንጋይ አደናቀፈኝ ነው የሚለው።"

ካፒቴኑ ሜዳውን ዞር ዞር ብሎ ቃኘ። ሣር ብቻ! አንዲት ጠጠር የለችም። ቆይቶ ጂኖ ላይ ጮኸበት፤ በኋላ ስንሰማ "አንተ አይደለህም እንዴ ቀያሹ? ድንጋይ ካለ አስነሳዋ!" ነው ያለው። ወደ ወንበሩ ተመለሰ።

"ነይ አባባ!" ሲል ጂኖ ተጣራ።

አባባ ቱፋ እጃቸውን እንዳጋጠሙ ቀረቡ። እኔም ለማስታረቅ ጣልቃ ገባሁ። "ጂኖ፣ እኛ ዘንድ 'በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ' የሚባል አለ።"

"ጌታ ማናት?"

"አንተ ነሃ!"

ቀስ እያለ ገባው መሰል፣ ፊቱ አመድ ለበሰ። ያን ሁሉ ያገባውን አንድ በአንድ ሲያስብ ይታየኛል። ከቅልጥሙ ይልቅ ይኼኛው እንዳመመው እምላለሁ።

"ለዚህ ነው መንገድ የለቀቅሽልኝ?"

የተኛለት ጎረምሳ ልብሱን አራገፈ።

"አንቺስ አባባ፣ ለምን መታሽኝ?"

አባባ ቱፋ ራሳቸውን አከኩ። "እውነቱን ልንገርህ ልጄ? ጌታ መሆንህን ረስቼው ነው።"

ጂኖ በአንድ እግሩ ተነሣ። ዱላውን ጨበጠ፤ እንባውን በክንዱ ጠረገ።

"እንግዲያው ሁልሽም እርሺ!"

ከዚያማ ምኑን ልንገራችሁ፣ ሰፈሩን በሙሉ የመርሳት በሽታ ያዘው! የላይ ሰፈር ረሳ፤ የታች ሰፈር የራሱ ወገን መሆኑን ሳይቀር ረሳ። እኔም፣ ምን ልዋሽ፣ ትንሽ ዘነጋሁ። ጂኖ ይወድቃል፣ ይነሣል፣ ይሳደባል፤ አሳልፎ የሚያገባው ግን አንዲት እንኳ የለም። በወደቀ ቁጥር ካፒቴኑ ከዳር ሆኖ ይጠይቃል፤ ጂኖ ጥርሱን ነክሶ "ድንጋይ!" ይላል። የኮልፌ ሜዳ ያን ያህል ድንጋያም መሆኑን እኛም ያወቅነው ያን ቀን ነው።

አባባ ቱፋ ማታ ላማቸውን ራሳቸው አለቡ።

አርበኞቻችን በየዱሩ ጣልያንን ለመምታት ጦማቸውን ያድራሉ፣ ገደል ይወርዳሉ፣ ደማቸውን ይከፍላሉ። ክብር ለነሱ ይሁን! እኛ ኮልፌዎች ግን እንደዚያ ያለ ድፍረት የለንም፤ ስለዚህ አስፈቅደን መታን። ያውም ፈቃጁ ወንበሩ ላይ ተንፈላስሶ "ብራቮ! ብራቮ!" እያለ ሲያጨበጭብልን!