ሰላምታ ይቀድማል

የመኪና ደላላ የሌለበት ከተማ የለም፤ መኪናው ቢጠፋ እንኳ ደላላው አይጠፋም። ቆሰበር ደግሞ ክቡር አቶ ይሄይስ አሏት። ዕድሜያቸውን ፈረስ ሲያሻሽጡ ኖረው በስተርጅና ወደ ሚኒባስ የተሻገሩ ናቸው። ዛሬም የመኪናውን ጎን መታ መታ ሳያደርጉ ስለ ዋጋ አያነሱም።

እታለማሁ እጃቸው ላይ የወደቀችው ክረምት ሊገባ ሲል ነው። ልባሽ ጨርቅ ይዛ ከገበያ ገበያ የምትዞር ነጋዴ ናት። አምና ዝናቡ ዕቃዋን አበስብሶባታል፤ ዘንድሮም ከደገማት ንግዱ አበቃ። ስለዚህ አሮጌ ሚኒባስ ገዝታ፣ ወንበሩን አስነቅላ፣ ዕቃዋንም አልጋዋንም እዚያው ልታደርግ ቆርጣለች።

"ሞተሩ ደህና ነው?" ብላ ጠየቀች፣ ያቀረቡላትን ሚኒባስ እያየች።

"ቆይ ልጄ፣ ሰላምታ ይቀድማል! ከብቱ እንዴት ነው? ጎረቤቱስ?"

ከብት የላትም።

ለሙከራ ወደ ዳንግላ ነዳችው። በእግሩ የወጣ ሰው ቀድሟቸው ይገባ ነበር፤ አቶ ይሄይስ ባዩት በር ሁሉ "አቁሚ!" ይላሉ። አንዱ ቤት ጠላ ቀመሱ፣ ሌላው ቤት ለቅሶ ደረሱ። በማግስቱ ጥሊሊ ሲሄዱም ያው ሆነ። ወይዘሮ ሰርክአዲስ ከሚባሉ ባልቴት ጋር ስለ ጠፋ በግ በአገውኛ ሲያወጉ ፀሐይዋ አዘቀዘቀች። እታለማሁ አገውኛ አትችልም፤ በየመሃሉ ስሟን ብቻ ትሰማለች። ደሟ ፈላ።

"ጋሼ፣ እኔ መኪና ልገዛ ነው የመጣሁ ወይስ ዘመድ ልጠይቅ?"

"ሁለቱን ምን ለያቸው?"

በመጨረሻ ገዛችው። ሚኒባሱ አሳምኗት አይደለም፤ ደክሟት ነው።

በመጀመሪያው የጥሊሊ ገበያ፣ ሊመሻሽ ሲል ዝናቡ ወረደ። ጣራው አንዲት ጠብታ አላስገባም፤ የኋላው በር ግን አልቆለፍ አለ። ብቻዋን፣ ከነዕቃዋ፣ መንገድ ዳር በሩ በማይቆለፍ መኪና ልታድር ነው። ፈራች። ከፍርሃቷም ንዴቷ ባሰና ለአቶ ይሄይስ ደወለች።

ገና ሳያነሱት መስኮቱ ተንኳኳ። ጃንጥላ የዘረጉት የበጓ ባልቴት፣ ወይዘሮ ሰርክአዲስ ናቸው።

"እታለማሁ አይደለሽም? ምነው ከመንገድ ላይ? ይሄይስ 'ገበያ ቀን ትመጣለች፣ ከግቢሽ ታድርልኝ' ብሎ አደራ አልሰጠኝም እንዴ! ንጂና ግቢ፣ በሩን ከፍቸዋለሁ።"

እታለማሁ መሪውን እንደያዘች ቀረች። በዳንግላም በጥሊሊም መንገድ የቆሙባቸው በሮች ሁሉ ትዝ አሏት። ጠላውም ለቅሶውም ለእሷ ማደሪያ ልመና ነበር ለካ።

ስልኩ ተነሳ።

"ጋሼ ይሄይስ! ይሄ የኋላ በር..."

"ቆይ ልጄ፣ ሰላምታ ይቀድማል!"

አፏ ላይ የደረሰውን ዋጠችው። "እንዴት አመሹ ጋሼ?" አለች። "ከብቱስ? ጎረቤቱስ? ፈረሱስ ደህና ነው?"

የበሩን ነገር ያነሳችው ዝናቡ ካባራ በኋላ ነው።