ሮለር ኮስተር ላይ እኔም ወጣሁ፣ ሚስጥሬም ወጣ

ዛሬ የደረሰብኝን ስነግራችሁ ግማሾቻችሁ «ፈጥራ ነው» ትላላችሁ፣ ግማሾቻችሁ ደግሞ «የእጇን ነው ያገኘችው» ትላላችሁ።

ሁለታችሁም ኮሜንት ላይ ቦታ አላችሁ። መጀመሪያ ግን ጉዴን ስሙ!

እዚህ የምትከተሉኝ ሁሉ ከሚያዝያ ጀምሮ ባንክ እንደለቀቅኩ ታውቃላችሁ። «ከዛሬ ጀምሮ ሙሉ ጊዜ ሜካፕ አርቲስት ነኝ» ብዬ ቪዲዮ ስለቅ ልብ በልብ ያደረጋችሁኝ እናንተው ናችሁ።

አዳማ በሙሉ ያውቃል። ሙሽሮቹ ያውቃሉ። ሚዜዎቹ ያውቃሉ። የሙሽሮቹ አክስቶች ሳይቀሩ ያውቃሉ።

የማያውቅ አንድ ሰው ነበር።

አባቴ።

አባዬን ላስተዋውቃችሁ። ዕድሜውን ሙሉ ወንጂ ስኳር ፋብሪካ በመካኒክነት ሠርቶ አሁን ጡረታ የወጣ ሰው ነው። እናቴ ካረፈች በኋላ አዳማ እኔ ጋ ገባ፣ ሁለታችን ነን የምንኖረው። ዝምተኛ ነው። አፉ የሚፈታው በሁለት ነገር ነው፤ አንድም ማሽን ሲበላሽ፣ አንድም «ባንክ የምትሠራው ልጄ» ብሎ ሲጀምር።

ባንክ የምትሠራው ልጄ! ለጎረቤቱ፣ ለቸርች ሰው፣ ለሥጋ ቤቱ፣ ስሙን ለማያውቀው የባጃጅ ሹፌር!

እና በምን አፌ ልንገረው? ነገ እነግረዋለሁ፣ ነገ እነግረዋለሁ ስል አራት ወር ሞላኝ።

በየጠዋቱ የባንኩን ሱፍ እለብሳለሁ። ምሳዬን እይዛለሁ። አንገቴ ላይ ባጅ አንጠለጥላለሁ። ባጁ ውስጥ ያለው የጂም ካርዴ ነው፣ ተገልብጦ።

አባዬ በር ላይ ይቆምና «ጌታ ሥራሽን ይባርክ» ብሎ ይሸኘኛል። እኔ «አሜን» እላለሁ። የውበት ሳሎኔ ስደርስ ሱፉን አውልቄ ሽርጤን አስራለሁ።

አትፍረዱብኝ! እሺ፣ ፍረዱብኝ።

ባለፈው ሳምንት እራት እየበላን «ክረምቱ ሳያልቅ ቢሾፍቱ እንሂድ» አለኝ።

«ሐይቅ ለማየት?»

«አይ። እዚያ የሚሽከረከር ባቡር አለ አሉ። እሱ ላይ እንውጣ።»

ጉርሻዬን እጄ ላይ ይዤ ቀረሁ። አባዬ ሊፍት ሲገባ እንኳን «ደረጃው ምን ሆኖ ነው?» የሚል ሰው ነው።

ነገሩ ወዲህ ነው። ልጆች እያለን ክረምት ሲመጣ የሰው አባት ልጆቹን ይዞ ሶደሬ ይወርዳል። የኔ አባት ጭራሽ የማይገኘው በክረምት ነው። ክረምት አገዳ መፍጨት ይቆምና ማሽኑ ሁሉ ተፈታትቶ የሚጠገነው ያኔ ነዋ! እኛ ትምህርት ቤት ስንዘጋ እሱ እስከ ክርኑ ግሪስ ሆኖ ይመጣል።

«አንድም ክረምት የትም አልወሰድኩሽም» አለኝ፣ ሳህኑን እያየ።

እንግዲህ አራት ወር የዋሸ ሰው እንዲህ ሲባል ምን እንደሚሰማው እናንተው ገምቱ።

«ባንኩስ ፈቃድ ይሰጥሻል?» አለ ደግሞ።

«እለምናቸዋለሁ» አልኩ።

የለመንኩት አንዲት ሙሽራን ነው። የሙከራ ሜካፕዋ ዛሬ ነበር፣ ወደ ነገ አዞርኩላት።

ደረስን ቢሾፍቱ። የመዝናኛውን ስም አልጠራም፣ ጥፋቱ የነሱ አይደለም። ጠዋት ዘንቦ አባርቷል፣ ሠራተኞቹ ወንበሩን በፎጣ እያደረቁ ነው።

ባቡሩን ፎቶ ላይ ብታዩት የልጅ መጫወቻ ነው የሚመስላችሁ። ቀይ ነው፣ ፊት ለፊቱ ላይ የዘንዶ ጭንቅላት አለው፣ ጥርሶቹን ነጭ ቀለም ቀብተዋቸዋል።

ከሥሩ ቆማችሁ ሽቅብ ስታዩት ግን ሌላ ነገር ነው። ሐዲዱ ይወጣል፣ ይወጣል፣ ከዚያ ድንገት የለም!

የኔ ፕላን ቀላል ነበር። አባዬ ዕድሜው ስለገፋ አያስገቡትም፣ አይስክሬም በልተን፣ ሐይቅ ዳር ፎቶ ተነስተን እንመለሳለን። በቃ።

የምታሳፍረዋ ልጅ ቢጫ ጃኬት የለበሰች ወጣት ናት። ጠጋ ብዬ ጠቀስኳት። «ለትልልቅ ሰዎች አይፈቀድም አይደል?»

ጥቅሻዬ አልገባትም። ወደሱ ዞራ በኦሮምኛ «አካም ጅርቱ አባባ!» ብላ ሰላም አለችውና «ደም ግፊት አለብዎት?» ብላ ጠየቀችው።

«የለብኝም።»

«ልብዎ ላይስ ችግር አለ?»

«ልቤ ደህና ነው። ይልቅ አንቺ፣ ይሄ ነገር ግሪስ የገባለት መቼ ነው?»

አባዬ መልስ አልጠበቀም። በርከክ ብሎ የመጀመሪያውን ምሰሶ ብሎኖች አንድ በአንድ ነካካ። በጣቱ አንኳኳ። ጎማዎቹን ጎንበስ ብሎ አየ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ አንድም ሳያጉረመርም ጠበቀው፣ እንዲያውም አንዲት እናት «ተባረኩ» አለችው።

ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈና «ብየዳው ጥሩ ነው፣ ነይ ግቢ» አለኝ።

«እኔ እዚህ ሆኜ ቪዲዮ ልቅረጽህ አባዬ!»

ፊቱ ተለወጠ። «እኔ እኮ አንቺን ላዝናና ነው ያመጣሁሽ።»

አለቀ። እንዲህ ተብሎ የሚቀር ልጅ ካለ አሳዩኝ።

የቀረው ባዶ ቦታ የፊተኛው ወንበር ነው። የፊተኛው! ዘንዶው ጆሮ ሥር! ከኋላችን ስምንት ዓመት ገደማ የሆናቸው ሁለት ሴት ልጆች ፈንድሻ ይበላሉ። ብረቱ ጭናችን ላይ ወረደ። ነቀነቅኩት። ጠበቅ ብሏል። ደግሜ ነቀነቅኩት።

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያለ መውጣት ጀመረ።

አባዬ ደስ ብሎት «በሰንሰለት ነው የሚጎተተው፣ ልክ እንደ አገዳ ማጓጓዣው» አለኝ።

አገዳው መጨረሻው ላይ የት እንደሚገባ ትዝ አለኝ።

መፍጫ!

ጫፉ ላይ ደረስንና ባቡሩ ለአፍታ ቀጥ አለ። ከታች ሐይቁ የሻይ ስኒ ማስቀመጫ አክሏል። ነፋስ ብቻ ነው የሚሰማው። በቃ ልሞት ነው አልኩ። ቀልዴን አይደለም፣ በእውነት ልሞት ነው አልኩ!

ቸርች ያደገ ሰው ሊሞት ሲል ምን ያደርጋል? ንስሐ ይገባል።

ዓይኔን ጨፍኜ በልቤ ጸለይኩ።

በልቤ መስሎኝ ነበር።

በልቤ አልነበረም!

«ጌታ ሆይ ይቅር በለኝ! ባንክ ለቅቄያለሁ! አራት ወር ሙሉ አባቴን ዋሽቼዋለሁ! ባጁ የጂም ካርድ ነው! ጌታ ሆይ፣ ጂምም አልሄድም!»

ባቡሩ ወረደ። ኩርባው ላይ ወደ ጎን ሲጥለን የቀረውን አወጣሁት። «መዘምራን ልምምድ ነኝ ብዬ ሙሽራ ሜካፕ ሠርቻለሁ! ሦስት እሁድ! አራት እሁድ!»

የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ቃል አልቆብኝ ነበር። ድምፅ ብቻ ነው የወጣኝ።

ቆመ።

ዓይኔን ስገልጥ ከኋላ ያሉት ልጆች ፈንድሻ መብላት አቁመዋል። አንደኛዋ ትከሻዬን መታ መታ አደረገችና «አይዞሽ፣ ጌታ ይቅር ይልሻል» አለችኝ።

የስምንት ዓመት ልጅ!

አባዬ እንደ ሻማ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል። ብረቱን አነሳ፣ ወረደ፣ ቢጫ ጃኬት ወደለበሰችው ልጅ ሄደ። «ቁልቁለቱ ላይ ቤሪንግ ይጮሃል፣ አስፈትሹት» አላት።

«አይ አባባ፣ እሱ ልጅዎት ናት።»

ታውቃላችሁ ይሄኔ ምን ተሰማኝ? ተስፋ! ጩኸቴ ቤሪንግ መስሎት ከሆነ ቃሉን አልሰማውም ማለት ነው! ጌታ ሆይ፣ ታማኝ ነህ!

ቁርሴን ለቢሾፍቱ አፈር አስረክቤ ስመለስ አባዬ ሲሚንቶ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ውሃ ገዝቶ ይጠብቀኛል። ክዳኑን ከፍቶ ሰጠኝ። ጠጣሁ። ሐይቁን አየ።

«እውነት ነው?»

«ምኑ አባዬ?»

«እዚያ ላይ ሆነሽ ያልሽው።»

ወይኔ!

ጭንቅላቴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ቀስ ብሎ እንዲህ አለኝ።

«ሥራው አይደለም እኔን የቆጨኝ። የሠለቸሽን ሥራ ትተሻል፣ ይሁን። እኔ ግን በየጠዋቱ በር ላይ ቆሜ ጌታ ሥራሽን ይባርክ እላለሁ። ለመሆኑ አራት ወር ሙሉ የትኛውን ሥራ ሲባርክ ከረመ?»

«የሜካፑን» አልኩ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም። «ባርኮታል አባዬ፣ እስከ ጥቅምት ባዶ ቅዳሜ የለኝም።»

የከንፈሩ ጫፍ ትንሽ ተነቃነቀ። ወዲያው ሰበሰባት።

«ሰው ሁሉ እየሰማ፣ እኔ ለማያውቀኝ የባጃጅ ሹፌር ስዋሽ ከርሜያለሁ ማለት ነው» አለ። እዚህ ላይ አለቀስኩ። የፈራሁት ቁጣውን ነበር እንጂ ሳላውቀው እሱንም ውሸታም እንዳደረግኩት አስቤው አላውቅም ነበር።

«ይቅርታ አባዬ።»

«የቀረ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ካለ እንደገና እንሳፈር።» ተነሳ! በእውነት ተነስቶ ወደ ትኬት መስኮቱ መራመድ ጀመረ!

«ቆይ! ቆይ አባዬ! የእማዬን ጥቁር ቦርሳ እኔ ነኝ የወሰድኩት!»

ቆመ።

«ብሩሾቼን ነው የምይዝበት። ልነግርህ አስቤ...»

«ሁለት ሳምንት ቁም ሳጥን ሳገላብጥ ቆመሽ ስታይኝ ነበር።»

«አዎ።»

ተመልሶ ተቀመጠ። ውሃውን ከእጄ ወስዶ ራሱ ጠጣ።

«ይመችሻል?»

«በጣም። ኪሱ ብዙ ነው።»

«እሷም እንዲያ ነበር የምትለው» አለ። ከዚያ ተነሳ። አይስክሬም ገዛልኝና ሁለታችንም ሐይቁን እያየን በላን።

አበቃ ብላችኋል? አላበቃም።

ወደ አዳማ ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ እኔ በመስኮቱ በኩል፣ አባዬ መሃል፣ ከሱ ቀጥሎ ደግሞ የጽጌረዳ እቅፍ የያዙ አንዲት እናት ተቀመጥን። እናትየው አየት አደረጉኝ። ደግመው አዩኝ። ከዚያ ወደ አባዬ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ጋሼ፣ ልጅዎ ናት? ማን ሞቶባት ነው?»

ስልኬን አውጥቼ ፊቴን አየሁ። ማስካራዬ አገጬ ላይ ደርሷል! ውሃ አይነካውም ብዬ ለእናንተ ያስተዋወቅኩት ማስካራ ነው! (ይቅርታ፣ ያንን ቪዲዮ አጠፋዋለሁ።)

«ማንም አልሞተባትም፣ ተዝናንታ ነው» አለ አባዬ።

«እና ምን ትሠራለች?»

ያቺ የለመዳት ዓረፍተ ነገር ምላሱ ላይ ስትመጣ አየኋት። ዋጣት።

«እሷን ጠይቋት። እኔ ሥራዋን የምሰማው ባቡር ላይ ስንወጣ ብቻ ነው።»

እናትየው ጠበቁኝ። ሹፌሩ ራሱ በመስታወቱ አየኝ።

«ሙሽራ ነው የማስውበው» አልኩ።

ከግንባሬ እስከ አገጬ አዩኝ። «አንቺ?»

«አዎ።»

«በዚህ እጅሽ?»

ይሄኔ አባዬ ቀጥ አለ። «ጎበዝ ናት» አለ። አንዲትም ሙሽራ ስሠራ አይቶኝ አያውቅም እኮ! «እስከ ጥቅምት ቅዳሜ የላትም። ዛሬ ፊቷን አትዩት፣ ዛሬ ትንሽ ከብዷት ነው።»

የተረፈችው ማስካራም ሄደች።

ፊልም ቢሆን እናትየው የልጃቸውን ሰርግ ይሰጡኝ ነበር። እሳቸው ግን «እኛ እንኳን ሰው ይዘናል» ብለው ጽጌረዳቸውን ሰብሰብ አድርገው እስከ አዳማ በዚያኛው መስኮት አዩ።

አሁን ቤት ገብተናል። አባዬ ነገ የውበት ሳሎኔ መጥቶ ወንበሮቼን ሊያይልኝ ነው፣ አንዱ ይንቀጠቀጣል ብዬው። ስልኩን ይዞ ሶፋ ላይ ቁጭ ብሏል፣ ገጼን አግኝቶታል፣ መነጽሩን አድርጎ ቪዲዮዎቼን ከታች ወደ ላይ እያየ ነው። ቅድም ቀና ብሎ «እኔም ልከተልሽ፣ የቱን ነው የምጫነው?» አለኝ።

አሳየሁት።

እንግዲህ ከእኔ ተማሩ። ለአባታችሁ ያልነገራችሁት ነገር ካለ መሬት ላይ ሆናችሁ፣ ቁርስ ሳትበሉ፣ በቀስታ ንገሩት። ከፍ ብላችሁ ስትናገሩት ሕፃናት ይሰማሉ።

አሁን ግን አንድ ጥያቄ አለኝ፣ በእውነት መልስ እፈልጋለሁ፤ አባቱ ፎሎወር የሆነ ሰው ከዚህ በኋላ ምን ፖስት አድርጎ ነው የሚኖረው?