በሲሬ በኩል የመጣ የጀርመን ኮት

በቅድሚያ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ይህን ጉዳይ ማውራት ከአንድ መምህር የማይጠበቅ መሆኑን አሳምሬ አውቃለሁ። የባለቤቴን ምስጢር፣ የአለቃዬን ክብርና የገዛ ኮቴን ጉድ በአንድ ጊዜ አደባባይ ማውጣት ነው። ሦስት ሳምንት አፌን ይዤ ቆየሁ። በአራተኛው ሆዴን ነፋኝ። እናንተ ደግሞ ወሬ የምታወጡ ሰዎች አይደላችሁም፤ ፊታችሁ ያስታውቃል።

ነገሩ የተጀመረው በስፌት መኪና ነው።

ባለቤቴ ለሊሴ ልብስ ሰፊ ናት። እጇ ወርቅ ነው። መኪናው ግን አዴ ጫልቱ የሚባሉ የሰፈራችን እናት ንብረት ነበር። ስድስት ዓመት ሙሉ በሰው መኪና እየሰፋች፣ ከምታገኘው እኩሌታውን ለባለመኪናዋ ስትሰጥ ኖረች። አንድ ቀን አዴ ጫልቱ ጠቅልለው ጊምቢ ልጃቸው ዘንድ ሊገቡ መሆኑን ነገሯት። መኪናውን የሚገዛ አንድ የጊምቢ ሰው ገንዘቡን ይዞ ይጠብቃል። ለሊሴን እንደ ልጃቸው ስለሚያዩዋት ሁለት ወር ይታገሷታል። የሁለተኛው ወር የመጨረሻ እሁድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ገንዘቡን ይዛ ካልመጣች ግን ሰውየው መኪናውን ይወስደዋል።

ለሊሴ ቤት ገብታ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ይርጋ፣ ሰልባጅ ልንሸጥ ነው» አለችኝ።

«እኔ መምህር ነኝ እኮ» አልኳት።

«አውቃለሁ። ለዚህ እኮ ነው ገንዘብ የሌለን» አለች።



ሰልባጅ የማያውቅ ካለ (የለም እንጂ)፣ የሰው አገር ሰው ለብሶ የተሰናበተው ልብስ ነው። በቦንዳ ታስሮ ይመጣል። ቦንዳው እስኪፈታ ድረስ ከውስጡ ምን እንደሚወጣ የሚያውቅ አንድዬ ብቻ ነው። እኛ ያለ የሌለንን አሟጠን ከገዛነው ቦንዳ መጀመሪያ የወጣው ምን ይመስላችኋል? ሰባት የበረዶ ሱሪ! ውስጡ ስፖንጅ፣ ውጭው ውሃ የማያስገባ። እኔ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። ለሊሴ መቀሷን አነሳች። በሳምንቱ የሰፈራችን ባጃጆች ወንበር ሁሉ የበረዶ ሱሪ ለብሶ ታየ። ሾፌሮቹ ተሻምተው ነው የገዙት።

ሥራ ተከፋፈልን። እሷ ታጥባለች፣ ትጠቅማለች፣ ትተኩሳለች። እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ ከምንኖርበት ከነቀምቴ ሲሬ ወርጄ እሸጣለሁ። ለምን ነቀምቴ አልሸጥክም ትሉኝ ይሆናል። ነቀምቴ ተማሪዎቼ አሉ። ወላጆቻቸው አሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ኦቦ ቶለሳ አሉ።

ኦቦ ቶለሳ ምክትል ርዕሰ መምህራችን ናቸው። ሰኞ ሰኞ በሰልፍ ላይ ስለ አለባበስ ይናገራሉ። የሰው ውራጅ የለበሰ መምህር ትውልድ አይቀርጽም ይላሉ። እሳቸው የሚለብሱትን ወንድማቸው ከጀርመን ይልክላቸዋል። በየወሩ አንድ ኮት! እኔ ወንድምየው እዚያ የኮት ፋብሪካ የከፈተ ይመስለኝ ነበር።

ስለዚህ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽርና በወረርሽኙ ጊዜ የተረፈች ማስክ አድርጌ ሲሬ ላይ ሸራ ዘረጋሁ። «ፊለዳ! ፊለዳ!» እያልኩ እጮሃለሁ፤ ምረጡ ማለት ነው። ወለጋ ስኖር አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ኦሮምኛዬ ግን ገና ዓባይን አልተሻገረም። ከማዶ፣ ጎጃም ሆኖ ይጣራል።

እና ሲሬ ምን አየሁ? ማስክ! ነቀምቴ ላይ ሰልባጅ በእጁ የማይነካው ሰው ሁሉ፣ እዚህ እስከ ክርኑ ክምሩ ውስጥ ገብቷል። አንዱ የመዘምራን መሪያችን ነው፤ ሳያስበው በሚያንጎራጉረው መዝሙር ለየሁት። አንዷ ደም ግፊቴን የምትለካኝ ነርስ ናት። ማንም ማንንም አያውቅም። የሲሬ ገበያ ሕጉ ይሄ ነው። ሰላምታ የለም፤ ዋጋ ብቻ።

እንዲህ እንዲህ እያልን የመጨረሻዋ ቅዳሜ ደረሰች። ለመኪናው የጎደለን ሦስት ሺህ ብር ነበር። የቀረን ደግሞ አንድ ኮት፤ ጥቁር፣ ሱፍ፣ የሚያኮራ። ከአራቱ ቁልፎቹ አንዱ ወልቆ ነበር፤ ለሊሴ ከየት እንዳመጣች እንጃ፣ ተክታበታለች። ስትሸኘኝ ከሦስት ሺህ አንዲት ብር ብቀንስ ቤት እንዳልመጣ፣ አኖ የሚባለው ከተማ ዘመድ ካለኝ እዚያው እንዳድር አስጠነቀቀችኝ። አኖ ዘመድ የለኝም።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አንድ ባለ ማስክ፣ ባለ መነጽር፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ያወረደ ሰው መጣና ኮቱን አነሳ።

«ሜቃ?» አለ። ስንት ነው ማለቱ ነው።  ድምፁ የሰኞ ድምፅ ነው!

«ኩማ ሰዲ» አልኩ ድምፄን አጎርንኜ። ሦስት ሺህ።

የኔን ኦሮምኛ ሲሰማ ቀና አለ። እኔ ባርኔጣዬን ወደ ታች ሳብኩ። እሱ ማስኩን ወደ ላይ ሳበ። እንዲህ አድርገን አለመተዋወቃችንን ተስማማን።

«ሺህ አምስት መቶ» አለ በአማርኛ።

«ሦስት ሺህ።»

«ስማ ወንድሜ» አለ ገበሩን እያገላበጠ። «ነጋዴ አንዳንዴ ሌላ ሥራም ይኖረዋል። የመንግሥት ሥራ በለው። አለቃው ሸራ ላይ ቢያየው ጥሩ አይደለም። ቶሎ ሸጦ ቢሄድ አይሻለውም?»

ዓይኔ ላይ የጊምቢው ሰው መጣ፤ የለሊሴን መኪና ተሸክሞ ሲሄድ። ከየት እንዳመጣሁት የማላውቀው ድፍረት ያዘኝ።

«እውነትዎን ነው ጌታዬ። ግን ለገዢም ጥሩ አይደለም። ለምሳሌ ወንድሙ ውጭ አገር ያለ ሰው ቢሆን፣ ወንድሙ አይቀየምም?»



«የት አገር?» አለ ገበሩን ለቆ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? ብርድ ያለበት አገር ይሆናል።»

ሦስት ሺህ ብሩን አውጥቶ እጄ ላይ አኖረው። ሊሄድ ሲል ዞር ብሎ፣ «ፌስታል አለህ? ጥቁር ይሁን» አለኝ።

እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናው በጋሪ ተጭኖ ቤታችን ገባ። ለሊሴ ከጎኑ ሆና፣ እንደ ሙሽራ ደግፋው በእግሯ ነው የመጣችው።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ እኔም ይቅርታ አልጠይቃችሁም ነበር። ሰኞ መጣ።

ሰልፍ ላይ ኦቦ ቶለሳ ኮቱን ለብሰው ወጡ። እንዳማረባቸው አልክድም። ወንድማቸው ሰሞኑን የላከላቸው መሆኑን ጠቅሰው ስለ አለባበስ ጀመሩ። እኔ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ጀርመን ከነቀምቴ በስተምሥራቅ፣ በሚኒባስ አንድ ሰዓት ያህል ርቃ እንደምትገኝ ከዚያን ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።

ከኋላቸው ከተደረደርነው መምህራን ውስጥ አጠገቤ የቆመችው የሂሳብ መምህርቷ ሶሬቲ ነበረች። ሶሬቲ የኔን ደረት አየች። ኦቦ ቶለሳ ዞር ሲሉ ደረታቸውን አየች። ተመልሳ የኔን አየች። ከዚያ ሻሿን አፏ ውስጥ ጎሰጎሰች።

ዝቅ ብዬ አየሁ። የኔ ኮት ቁልፎች ከበሬ ቀንድ የተሠሩ ናቸው፤ አባቴ ናቸው በገዛ እጃቸው የቀረጹልኝ። በዓለም ላይ አራት ብቻ ናቸው። አሁን ኮቴ ላይ ያሉት ሦስት ናቸው። ከላይ ሁለተኛው ቦታ ላይ ክር ተንጠልጥሏል። ቀና አልኩ። አራተኛው ኦቦ ቶለሳ ደረት ላይ ሆኖ ስለ አለባበስ ያስተምራል።

«በርሲሳ» አለችኝ ሶሬቲ በሹክሹክታ፣ መምህር ማለቷ ነው፤ «ያንተ ቁልፍ ጀርመን ምን ይሠራል?»

ሹክሹክታው ከአፍ ወደ አፍ ሄደና ሳቁ ከሰልፉ ጫፍ እስከ ጫፍ ደረሰ። ኦቦ ቶለሳ ንግግራቸውን አቋረጡ። ደረታቸውን አዩ፤ ደረቴን አዩ።

ቢሯቸው ጠሩኝና በሩን ዘጉት። ኮቱን እንድወስድ፣ ሦስት ሺህ ብሩን እስከ ነገ እንድመልስ አዘዙኝ። ካልሆነ የምዛወርበት፣ ዲጋ ወረዳ መምህር የጎደለው ትምህርት ቤት እንዳለ ሰምተዋል። እንግዲህ ብሩ አዴ ጫልቱን ተከትሎ ጊምቢ ገብቷል። ለመመለስ መኪናውን መሸጥ ነው።

እግሬን እየጎተትኩ ቤት ደረስኩ። ለሊሴ እየሰፋች ነበር፤ ቀና እንኳ አላለችም።

«ቁልፌን ምን ብለሽ ወሰድሽ?»

«ሌላ አልነበረም። ቆልፈኸው ደግሞ አይቼህ አላውቅም፤ ሆድህ አይፈቅድልህም።»

የዲጋውን ነገር ነገርኳት። መኪናውን አቆመች።

«የተሸጠ አይመለስም በላቸው። ኮቱን ግን ያምጡት። አራቱንም ቁልፍ አዲስ አደርግላቸዋለሁ። በክፍያ።»

«አለቃዬ ናቸው እኮ!»

«ለዚህ ነው እጥፍ ያልጠየቅኳቸው።»

ኦቦ ቶለሳ በማግስቱ ሲመሻሽ ራሳቸው መጡ። ጥቁር ፌስታል ይዘዋል። ለሊሴ «ኦቦ፣ እጅጌውም እኮ ረዝሟል» አለቻቸው። እውነትም ረዝሟል። አራት ቁልፍ ተተከለ፣ እጅጌው አጠረ፣ ተከፈለ። ዲጋ አልተነሳም። የመኪናው የመጀመሪያ ገቢ ይህ ነው። የኔም ቁልፍ ወደ ደረቴ ተመለሰ፤ የክሩን ዋጋ ግን ከኪስ ገንዘቤ ላይ ቀንሳብኛለች። ሰኞ በሰልፍ ላይ ወንድምየው ከጀርመን ቁልፍ ብቻውን መላኩን ሰማን። ማንም አልሳቀም።

ለምን አልሳቀም? ከዚያ በፊት ሐሙስ ሶሬቲ አክስቷ ከስዊድን የላከችላትን ቀሚስ ይዛ መጥታ ነበራ፤ ሊጠብላት። አርብ የመዘምራን መሪው መጣ። አሁን የካናዳው፣ የኖርዌዩ ልብስ ሁሉ እኛ ቤት ነው የሚጠበውና የሚያጥረው። ለሊሴ ሁለተኛ መኪና ልትገዛ ቆርጣ ተነስታለች።

ክፍል ውስጥ፣ ሠርቶ ማደር አያሳፍርም እያልኩ ስንት ዓመት አስተማርኩ! ተሳስቼ ነው። ሰው ባያፍር ኖሮ ሲሬ ድረስ ማን ይመጣ ነበር? ሁሉም ሰው ሰልባጅ እንደሚለብስ ቢታወቅ እኮ እፍረቱ ቀረ ማለት ነው። እፍረቱ ከቀረ ሰው ደጁ ላይ ነቀምቴ ይገዛል፤ ቁልፉንም ቤቱ ይተክላል። እኛስ?

ስለዚህ እለምናችኋለሁ፤ ለሁለተኛው መኪና ስትሉ ይህን ለማንም አትናገሩ። ቅዳሜ ሲሬ ብንገናኝም አላውቃችሁም። ብቻ ማስክ አድርጋችሁ ኑ። ጥቁር ፌስታል እኔ አለኝ።