አባቴ በእርሳስ ሲያረጅ

መልኩን ወዶ የሚኖር ሰው የለም። «እኔ አለሁ» የምትሉ ካላችሁ፣ እስቲ ያለ ሪታች፣ ባለሙያ ፎቶውን ሳይነካካላችሁ፣ ተነሱና እንተያይ። በናዝሬት ፎቶ ቤት ገብቶ «እንዳለሁ አድርገህ አንሳኝ» ያለ ደንበኛ አልታየም። ሁሉም የሚለው «ትንሽ አስተካክላት» ነው። የምትስተካከለው የገዛ ፊቱ መሆኗን ልብ በሉ፤ እሱ ግን የጎረቤት አጥር ይመስል በሩቁ «አስተካክላት» ይላታል።

ይሄን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ በእናቴ ምክንያት ነው። ታላቅ እህቴ አርሲ ነገሌ በአስተማሪነት ተመድባ እዚያው ትዳር ያዘች። እናቴ ልትጠይቃት ሄዳ ስትመለስ ፊቷ ጠቁሯል።

«ምነው እማዬ፣ ታማ አገኘሻት እንዴ?»

«እሷስ ደህና ናት። ሳሎኗን አይቼ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በእህቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የባሏ አባትና እናት ጎን ለጎን ተቀምጠው በትልቅ ፍሬም ተሰቅለዋል። በእኛ በኩል የተሰቀሉት ሊቀመንበሩ ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ በየሰው ግድግዳ ላይ ስላሉ ዘመድ ብሎ መቁጠር አይቻልም።

አባቴና እናቴ አብረው ፎቶ ተነስተው አያውቁም። አባቴ የባቡር ጣቢያ ሠራተኛ ነው። ባቡር እያጓራ ሲመጣ ንቅንቅ የማይል ሰው፣ ካሜራ ሲያይ ግን መግቢያ ያጣል።

«ፎቶ የሚነሳ ወይ ሙሽራ ነው ወይ ተፈላጊ» አለ ሲጠየቅ። «ሙሽርነቱ አልፎኛል። ተፈላጊነቱን ደግሞ በዚህ ዘመን አልመኘውም።»

«በዚህ ዘመን» ያለውን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው።

እናቴ ግን «እሱ እምቢ ቢል ፎቶው እምቢ አይልም» አለችና፣ ሥራ ሲቀጠር የተነሳትን የመታወቂያ ፎቶ ከቁም ሳጥኑ አወጣች። ሁለት ፎቶ አገጣጥሞ አንድ የሚያደርግ ፎቶ ቤት እንድፈልግ እኔ ተላክሁ። ስለ ሪታች የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ከቤተሰቡ ሥራ ፈት እኔ ብቻ ስለነበርኩ ነው። አላዋቂ ዳኛ ሲሆን ደግሞ ፍርዱ ይፈጥናል።

በየፎቶ ቤቱ መስታወት የተደረደሩትን ፊቶች እያየሁ ከተማውን ዞርኩ። አንደኛው ባለሙያ ኔጋቲቩን በምላጭ ይፍቃል። ብጉር፣ ማዲያት፣ የፈንጣጣ ጠባሳ… ያገኘውን ሁሉ። ደንበኞቹ በሙሉ የተላጠ እንቁላል መስለዋል፤ የአንዷ ሴትዮ አፍንጫ ከማዲያቷ ጋር አብሮ ሄዷል። ሲያጌጡ ይመላለጡ ማለት ይሄ ነው። ሌላኛው ደግሞ ቀለም ይቀባል። ሪዙ የሚያስፈራ አንድ ሻምበል ከንፈሩ ደማቅ ቀይ ሆኖ ከመስታወቱ ውስጥ ያፈጥብኛል። ማን ደፍሮ እንደቀባው እስካሁን ይገርመኛል።

ጋሽ ገመቹ የሚባሉት ፎቶ አንሺ ግን ያገጣጥማሉ። አሰብ ያለ ሹፌርና ቡልቡላ ያለች ሚስቱ በእሳቸው መስታወት ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተደጋግፈው ቆመዋል። መጋጠሚያው አይታይም።

«ከባድ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ማገጣጠሙ እንኳ ቀላል ነው» አሉ። «ከባዱ ሰዎቹ መጥተው ሲያዩት ነው።»

እናቴ አዲሱን ቀሚሷን ለብሳ፣ አጠገቧ ለአባቴ ቦታ ትታ ተነሳች። ፎቶው ሲደርስ መጋጠሚያው እውነትም አይታይም። የሚታየው ሌላ ነገር ነው። እናቴ የዛሬዋ እናቴ ናት፤ ልጆች አሳድጋ የዳረች፣ ፀጉሯ ላይ ሽበት ጣል ጣል ያለባት። አባቴ ደግሞ ገና ሪዝ ያላወጣ፣ ጎፈሬውን ያበጠረ ጎረምሳ።

የመጀመሪያዋ ተመልካች ጎረቤታችን ወይዘሮ ዘይነባ ነበሩ። ፎቶውን ራቅ ቀረብ እያደረጉ አዩት።

«ማሻ አላህ፣ ምን የመሰለ ልጅ ነው። ይሄኛውን አላውቀውም፤ የት ነው ያለው?»

እናቴ ነጠላዋን አስተካከለች።

«ባቡር ጣቢያ ነው የሚሠራ።»

«እንደ አባቱ» አሉ ወይዘሮ ዘይነባ ደስ ብሏቸው።

በማግስቱ እናቴን ይዤ ጋሽ ገመቹ ዘንድ ተመለስኩ። «ወይ እርስዎን ማሳነስ ነው፣ ወይ እሳቸውን ማስረጀት» አሏት። «ከፈለጉ እስከ ሙሽርነትዎ ድረስ ልመልስዎ እችላለሁ።»

እናቴ አሰበችበት። እውነቱን ልንገራችሁ፣ በጣም አሰበችበት።

«እሱን ያስረጁልኝ» አለች በመጨረሻ። «እኔ ካነስኩማ ልጅቷን ማን ወለዳት ሊባል ነው።»

ጋሽ ገመቹ እርሳሳቸውን ቀርጸው አባቴን ማስረጀት ያዙ። ግንባሩ ላይ መስመር፣ ዓይኑ ሥር ከረጢት፣ ጎፈሬው ላይ ነጭ ቀለም። የእርጅና ችግሯ አንዴ ከጀመረች መቆሚያ የላትም። የሰውየው እጅ ሞቀ መሰለኝ፣ ሲጨርሱ አባቴ ከገዛ አባቱ በልጦ አረጀ። ከዚያ ሁሉ ሽበት በታች አንገቱ ብቻ የጎረምሳ አንገት ሆኖ ቀረ።

አባቴ ከሥራ ሲገባ ፎቶውን ጠረጴዛው ላይ አገኘው። አንስቶ ወደ መስኮቱ ብርሃን ወሰደው።

«ይሄ ሽማግሌ ማነው?»

«ባሌ ነው» አለች እናቴ፣ ከምትለቅመው ምስር ቀና ሳትል።

«ልትሰቅይኝ ነው ወይስ ልትቀብሪኝ?»

«ባለቤት ያቀለለውን አሞሌ ባለ ዕዳ አይቀበለውም። ሰውየው የሚችሉትን አደረጉ።»

ይሄን ስትል ሳቅ ይተናነቃት ነበር። ቀጥላ ስትናገር ግን ሳቁ ጠፋ።

«እዚያ ቤት ስገባ ልጅቷን ብቻዬን ያሳደግኳት ነው የመሰለኝ። አማቶቿ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? አባቷ አለ፣ ግን አይታይም ልበላቸው?»

አባቴ ፎቶውን በፊቱ ደፍቶ አስቀመጠና ወጣ። እኔ የተቆጣ መስሎኝ ነበር።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ካፖርቱን ለብሶ በር ላይ ቆሞ አገኘነው። የናዝሬት ፀሐይ እንኳን ካፖርት ቆዳም ያስወልቃል፤ እሱ ግን እስከ አንገቱ ቆልፎታል።

«ምን ትገተራላችሁ?» አለ። «ሰውየው ሳይዘጋ እንሂድ እንጂ።»

ጋሽ ገመቹ አባቴን ሲያዩ «አካም ጂርቱ፣ አካም ጂርቱ» እያሉ እንደ ድሮ ወዳጅ ሳሙት። መቼም ፊቱን ከእሱ በላይ ያውቁታል። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጧቸው። አባቴ እንደ ስልክ እንጨት ደረቀ። እናቴ ጠጋ አለችው፤ እሱም ቆይቶ፣ ማንም ያላየው መስሎት፣ ትንሽ ጠጋ አላት።

ፎቶው ታጥቦ ስናየው ምንም አልጎደለውም። ዕድሜያቸው ተመጣጥኗል፤ ትከሻቸው ተነካክቷል፤ እናቴ ፈገግ ብላለች። አባቴ ብቻ ዓይኑን ጨፍኗል።

ጋሽ ገመቹ ለእርሳሳቸው ሥራ በመገኘቱ ፊታቸው በራ።

«ምንም አይደል። ዓይን እስልላቸዋለሁ፤ ትልልቅ አድርጌ።»

አባቴ እናቴን አያት። እናቴ ፎቶውን ከእጃቸው ተቀበለች።

«ይተዉት አቶ ገመቹ» አለች። «ሲያገባኝም ዓይኑን ጨፍኖ ነው።»