ሁለት ኮምፒውተሮች ለሽምግልና የቀረቡ ዕለት

ኮምፒውተር አይሳሳትም የሚል ሰው ሁለተኛ ኮምፒውተር አይቶ አያውቅም። አንድ ብቻውን ሲሆን እንደ ብቸኛ ምስክር ነው፤ ያለው ሁሉ ይታመንለታል። ሁለት ሲሆኑ ግን... እስቲ የደረሰብኝን ላውጋችሁ።

ጡረታ ከመውጣቴ በፊት ታይፒስት ነበርኩ። በዚህ ኃጢአቴ የሴቶች ቡና አምራቾች ማኅበራችን ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። አባላቱ አርባ ነን፤ የእሸት ቡና መፈልፈያችን ግን አንድ፣ እሱም በእጅ የሚዞር። ቡና ለቅማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቀይ እሸት በተለቀመበት ቀን ካልተፈለፈለ በጆንያው ውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ጠረኑንም ለጠላት አትመኙትም። ስለዚህ ተራ የግድ ነው። የተራው ጸሐፊ ደግሞ እኔ።

ድሮ በደብተር እጽፈው ነበር። ያን ዓመት ግን ሥራ አስፈጻሚው "ዘመናዊ እንሁን" አለ። እሺ፣ ዘመናዊ ሆንን! ሚዛን ከተማ ባለው ቢሯችን ኮምፒውተሩ ፊት ተቀምጬ በኤክሴል ስምና ቀን ደረደርኩ። ቀኑን እንደ ማንኛውም ሰው በቁጥር ጻፍኩ፤ ቀን ይቀድማል፣ ወር ይከተላል። ኅዳር አራት 4/3፣ ታኅሣሥ ሦስት 3/4። ዓመቱን ተዉት።

ለሚዛን አባላት ሃያ ቅጂ እንዳተምኩ የማተሚያው ቀለም አለቀ። ፋይሉን በፍላሽ ይዤ ወደ ጎረቤቷ ከተማ ወደ አማን ሄድኩ፤ ሰላማዊት የምትባል ወይዘሮ እዚያ የጽሕፈት አገልግሎት ሱቅ አላት። በራሷ ኮምፒውተር ከፍታ ለአማን አባላት ሃያውን አተመችልኝ። አላየሽውም ወይ ትሉኝ ይሆናል። አይቼዋለሁ። ስሞቹን አየሁ። ቀኑን ምን አሳየኝ፣ እኔው የጻፍኩት አይደል!

ኅዳር አራት ጠዋት ቢሮው ግቢ ስደርስ ጩኸት ነው። ወይዘሮ ዘይነባ ከሚዛን አራት ጆንያ እሸት ይዘው መጥተዋል። ወይዘሮ ቦጋለች ከአማን አምስት ጆንያ ይዘው መጥተዋል። የመፈልፈያውን እጀታ ሁለቱም ጨብጠውታል።

"ልቀቂ አልኩሽ! ዛሬ የኔ ተራ ነው።"

"የማን? ወረቀቴ ይኸው፣ 4/3 ይላል!"

"የኔስ ምን የሚል መሰለሽ? 4/3!"

ወረቀቶቹን ተቀብዬ አየሁ። የዘይነባ ወረቀት ላይ ዘይነባ 4/3፣ ቦጋለች 3/4 ናቸው። የቦጋለች ወረቀት ላይ ቦጋለች 4/3፣ ዘይነባ 3/4። ሁለቱም የኔ ሰንጠረዥ፣ ሁለቱም ላይ የማኅበሩ ማኅተም። መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁ። ያው ነው።

"ሲያረጁ አምባር ይዋጁ!" አሉ ቦጋለች ወደኔ ዞረው። "ደብተሩ ምን በደለን፣ እትዬ አስናቀች?"

ዘጠኝ ጆንያ እሸት እዚያው ቆሞ እየጋለ ነው፤ ከመሸ የአንዷ ልፋት ገደል መግባቱ ነው። ጎረቤታችንን አቶ አደሎን አስጠራን። በወሰን የተጣላ ገበሬ ሁሉ እሳቸው ዘንድ ነው የሚታረቀው። ነገሩን ሰምተው ጺማቸውን ዳበሱ።

"እነዚህን ወረቀቶች ማን ወለዳቸው?"

"ሁለት ኮምፒውተሮች" አልኩ።

"እንግዲያው የተጣሉት ሴቶቹ አይደሉም። ባለጉዳዮቹን አቅርቡ።"

"ኮምፒውተሮቹን?"

"ታዲያ ግራ ቀኙ ሳይሰማ ይፈረዳል?"

ለሰላማዊት ደወልኩ። የአማኑ ኮምፒውተር ዝናብ እንዳይነካው በጋቢ ተጠቅልሎ፣ እንደ አራስ ልጅ ታቅፎ በባጃጅ መጣ። ወሬውን የሰማ አባል ሁሉ ቢሮው ውስጥ ተሰበሰበ። ሁለቱ ሴቶች ብቻ እጀታውን ለቀን አንገባም ብለው ውጭ ቀሩ።

አቶ አደሎ ሁለቱን ኮምፒውተሮች ጠረጴዛ ላይ ፊት ለፊት አስቀመጧቸው።

"አባባ፣ እንዲህ ከሆኑ እኛ እኮ አናያቸውም" አለች ሰላማዊት።

"መጀመሪያ እነሱ ይተያዩ።"

ሲተያዩ መብራት ሄደ። ሁለቱም ጨለሙ።

"አፍረው ነው" አሉ አቶ አደሎ።

መብራቱ እስኪመጣ ግማሽ ሰዓት ቁጭ አልን። ሲመጣ ወደኛ ተዞሩ፣ አንዱ ፋይል በሁለቱም ላይ ተከፈተ፣ ስም እየጠራን ማነጻጸር ጀመርን። ዘይነባ... ሚዛን 4/3 አለ፣ አማን 3/4። ቦጋለች... ተገላቢጦሽ። አበበች... ሚዛን 25/3፣ አማን 3/25።

ወይዘሮ አበበች ከኋላ ተነሡ። "እኔ ሃያ አምስተኛው ወር ላይ መሆኔን አይቻለሁ። መንግሥት ወር ጨምሮ ይሆናል ብዬ ዝም አልኩ።"

መጨረሻው መስመር ላይ ደረስን፤ ጳጉሜ ሦስት፣ መፈልፈያው የሚጸዳበት ቀን። ሚዛን 3/13፣ አማንም 3/13!

"ተስማሙ!" ብሎ ቤቱ አጨበጨበ።

"አልተስማሙም" አለች ሰላማዊት። "አሥራ ሦስተኛ ወር ሰምተው ስለማያውቁ ነው ያልነኩት።" ባላወቁት ነገር መስማማት የሰው ብቻ ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ የራሷን ኮምፒውተር ስትጎረጉር ቆየችና ቀና አለች። "ጥፋተኛው የኔው ነው። ሲገዛ አገሩ አሜሪካ ተብሎ ተሞልቷል። እዚያ ወር ይቀድማል፣ ቀን ይከተላል። ቀኑ አልተበላሸም፣ አገላብጦ ነው የሚያሳየን።"

"አማን ተቀምጦ አሜሪካ ነኝ ይላል?"

"ይላል፣ አባባ።"

"እንዲህ ያለ ሰውም አውቃለሁ። አገሩን ንገሪው።"

ሰላማዊት የአገሮቹን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ወረደች። ተመልሳ ወጣች። "ኢትዮጵያ የለችም።"

አንዲቷ ከንፈሯን መጠጠች።

"ጎረቤትስ?" አሉ አቶ አደሎ።

"የመን አለ።"

"የመን ይሁን። ቡና ያውቃሉ።"

ነካችው። ቀኖቹ ሁሉ ባንድ ጊዜ ተገለበጡ፣ አማን ሚዛንን መሰለ፣ ዕልልታ ቀለጠ። እኔ ግን ዕልል አላልኩም። ዕርቁ የሚለው ግልጽ ነው፤ ኅዳር አራት የዘይነባ ነው፣ ቦጋለች ወር ይጠብቃሉ። ሰዓቱ ደግሞ ዘጠኝ አልፏል። አምስቱን ጆንያ መልሰሽ ውሰጂ የሚለውን ማን ይናገር? ጸሐፊዋ፣ በእርግጥ።

ከአቶ አደሎ ጋር ወጣን። ጆንያዎቹ ባዶ ናቸው። ቦጋለች እጀታውን ያዞራሉ፣ ዘይነባ የመጨረሻውን እሸት በሳፋ ይጨምራሉ፣ የተፈለፈለው ቡና ባንድ ገንዳ ውስጥ ተደባልቋል።

"ኧረ ቶሎ ቶሎ አዙሪው! ክንድ ነው ወይስ ቄጠማ?"

"አንቺ እንደ ሰው ጨምሪ! ግማሹን መሬት ላይ ዘራሽው እኮ!"

አቶ አደሎ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። "እንግዲህ ፍርዱ..."

"እኛ የናንተን ሽምግልና ስንጠብቅ ቡናችን ይሻግት?" አሉ ቦጋለች፣ እጀታውን ሳያቆሙ። "ፍርዱን ለኮምፒውተሮቹ ይንገሩልን!"

ገንዳ ውስጥ ያለውን አራት እጅና አምስት እጅ ብለው ተካፈሉ። ጸሐፊ አላስፈለጋቸውም።

በዓመቱ ሥራ አስፈጻሚው ወደ ደብተር እንመለስ ብሎ ለመነኝ። ዘመናዊነት ወደ ኋላ አይልም አልኩ። ቁጭ ብዬ አሰብኩና አሜሪካ ነኝ ቢል፣ የመን ነኝ ቢል የትኛውም ኮምፒውተር ሊገለብጠው የማይችል ቀን አገኘሁ፤ 2/2፣ 3/3፣ 4/4። አርባውንም አባል በሦስቱ ቀናት ላይ ደለደልኩ። በነዚያ ቀናት ሰልፉ ከመፈልፈያው እስከ አስፋልቱ ይደርሳል፤ የሚወርድብኝን እርግማን እዚህ መጻፍ አይገባም። ኮምፒውተሮቹ ግን ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልተጣሉም።